ከብሳናው ወዲያ

«የአያቴን አባት ይንገሩኝ፣ አያ ክንዱ» ትለኛለች እስከዳር። የእህቴ የአቻምየለሽ የልጅ ልጅ ናት፤ ፍኖተ ሰላም ታስተምራለች። እናቷም አያቷም ከሞቱ ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም። ዛሬ ድንገት መጥታ፣ በርበሬ ከምለይበት ሸራ ዳር ቁጭ ብላ፣ ዘር ይቁጠሩልኝ ትላለች።

ጭኗ ላይ ስስ መጽሐፍ ዘርግታለች። ዘሩን መቁጠር ለሚጀምር ሰው የተጻፈ ነው አለችኝ። ከሽማግሌ ጀምር ይላል፣ ሲናገሩ አታቋርጥ ይላል፣ ስም የሚሞላበት ባዶ መስመርም አለው። ጉድ እኮ ነው! እኔ አባቴ ለርስት ሲሟገት ዘር ሲቆጥር እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በእኛ አገር ወደ ላይ የሚቆጥር ሰው መሬት ፈልጎ ነው።

ለምን ፈለግሽው ብዬ ጠየቅኋት። እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው አለች፣ አንገቷን ደፍታ። ለማወቅ ያህል! የምትደብቀው ነገር እንዳላት ያስታውቃል። ቀና ስትል ደግሞ ዓይኗ ታች እርሻው ላይ፣ ከብሳናው ዛፍ ወዲያ ሄደ። ቤቴ የሚተዳደረው በዚያ መሬት በርበሬ ነው። ነቃሁብሽ አልኩ በሆዴ።

ስለዚህ ዋሸኋት። አቻምየለሽ የአባቴ ልጅ አይደለችም፣ እናታችን ከሌላ ወልዳ ታቅፋት ነው እኛ ቤት የገባችው አልኳት። መሬቱ የአባቴ ነው፤ ልጁ ያልሆነች ድርሻ እንደሌላት ራሷ ታስበው። ታዲያ አባቷ ማን ነው ስትለኝ፣ የማይከራከረኝ ሰው ፈለግሁና አንድ ሟች ትዝ አሉኝ።

«ገብረ ኢየሱስ» አልኩ። «ቡሬ ወፍጮ የነበራቸው።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ወፍጮ ቤቱ ገበያው ዳር የነበረው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፣ ውሸቴ ስላማረልኝ ደስ እያለኝ። መጽሐፉን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ምስክር የሳቸው የልጅ ልጅ ነው» አለች።

ምስክር ማን ነው ብላት እጮኛዬ አለችኝ። ለጥር ሊጋቡ ነው። ቄሱ ሰባት ቤት ቆጥራችሁ ኑ ብለዋቸዋል፤ ልጁ የራሱን ቆጥሮ ጨርሷል፣ የቀረው የእሷ ነው። መጽሐፉንም የገዛችው ለዚሁ ነው። ቅድም አንገቷን የደፋችው አፍራ ኖሯል።

ተነሳች። ነጠላዋን አጣፋችና እንባዋን እንዳላይ ፊቷን አዞረች። ልጅ ሳይወለድ ማወቁ ይሻላል፣ እግዜር ይስጥልኝ አያ ብላ መንገድ ጀመረች።

እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ፣ ለዚህ! ዝም ብል ትሄዳለች፣ መሬቱም ይቀርልኛል። አጥሩን ልታልፍ ስትል አላስቻለኝም፤ ነይ ተመለሽ አልኳት። ዋሽቼሻለሁ፣ አቻምየለሽ የእናትም የአባትም እህቴ ናት፣ ገብረ ኢየሱስን በዓይኗም አይታቸው አታውቅም አልኳት።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን አጥሩ ሥር ቆማ ትክ ብላ አየችኝ፤ ቅድም እኔ እሷን ያየሁበት አስተያየት ነው።

«አሁን አዝነውልኝ ቢሆንስ፣ አያ?» አለች። «የትኛውን ልመን?»

መጽሐፏ ተናጋሪው ቃሉን ከለወጠ ማረጋገጫ ጠይቅ ይላል አለችኝ። የሚያውቁት ሁሉ አልቀዋል። የቀረኝ ማረጋገጫ አንድ ነው፣ እሱን ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ለልጆቼ እንኳ ሳልተነፍስ ኖሬያለሁ።

«ያ ብሳና ይታይሻል?» አልኳት። «አባቴ ከሱ ወዲህ የክንዱ፣ ከሱ ወዲያ የአቻምየለሽ ብሎ ነው የሞተ። ለእንጀራ ልጅ መሬት የሚያካፍል ሰው አልነበረም አባቴ። እሷ ከተማ ገባች፣ እኔ አረስሁት። ያንቺ ነው።»

እስከዳር ወደ እርሻው ዞራ አላየችም። ተመልሳ ሸራው ዳር ተቀመጠችና የገብረ ኢየሱስን ስም ሰረዘችው። ከዚያ የአባቴን አባት ስም ጠየቀችኝ። ነገርኋት፤ አልተሳሳትኩም።

እሷ ስትጽፍ እጄ ላይ አንድ በርበሬ ይዣለሁ፤ ቀይ፣ ያማረ፣ ከብሳናው ወዲያ የተለቀመ። የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።