የቲቸር ሱሺላ ዜማ

ታቢታ ቲቸር ሱሺላን በጎናቸው አዙራ ጀርባቸውን ቅባት ስትቀባ የራሷ ወገብ ሊቆረጥ ደረሰ። ሕንዳዊቷ የሒሳብ መምህርት ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አንደበታቸው ከተዘጋ ወዲህ የምታስታምማቸው እሷ ብቻ ነበረች። ከውጭ የፒያሳ ባጃጆች ይጮኻሉ። አሮጊቷ በደህናው እጃቸው የአልጋውን ጠርዝ ቀስ እያሉ፣ በዜማ ልክ ይመቱ ጀመር።

ታቢታ ዜማውን አወቀችው። ቲቸር ጤነኛ ሳሉ ማለዳ ማለዳ የሚዘምሩት ነበር። ዜማውን የደረሰችውን ሕንዳዊት ገጣሚ ታሪክም ነግረዋታል። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የኖረች የንጉሥ ምራት ነበረች። ለአምላኳ በአደባባይ እየዘመረች አሳፈረችን ብለው ቤተሰቦቿ መርዝ አጠጧት፤ እሷ ግን አልሞተችም፣ መዘመሯንም አልተወችም ይባላል።

"ቲቸር፣ እኔ እኮ የቤተክርስቲያን ዘማሪ ነኝ" አለች ታቢታ፣ ዘምሪልኝ ማለታቸው ገብቷት፣ በደከመ ድምፅ። "ለእርስዎ አምላክ እንዴት ልዘምር?"

ጣቶቹ አላቆሙም። የአሮጊቷ ዓይን እንባ አቀረረ። ታቢታ ለመከራከር እንኳ አቅም አጣች። አልጋው ላይ ቁጭ አለችና ትርጉሙን በማታውቀው ቋንቋ፣ ጆሮዋ እንደያዘላት፣ መዘመር ጀመረች። መሃል ላይ አንድ ቃል ሳተች።

ጣቶቹ መምታታቸውን አቆሙ። ከተጣመመው አፍ የተሰባበረ፣ ግን ዜማውን ያልለቀቀ ድምፅ ወጣ። ትክክለኛው ቃል ነበር።

ታቢታ በድንጋጤ አፏን በእጇ ያዘች።

"እሺ ቲቸር" አለች እጇን ከአፏ አንስታ፤ "ከመጀመሪያው እንበለው።"