ቶነር የተባለው ጋላክሲ

«ቶነር ነው፤ ጥረጊው።» «ኧረ አይደለም።» ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ፍኖተ ሰላም፣ ፎቶኮፒ ቤቷ ባንኮኒ ላይ እንዲህ ተባብለው ነበር። የቱን ማን እንዳለው ግን፣ ከትናንቱ ሬዲዮ ወዲህ ንግሥቴ የራሷን ጆሮ ተጠራጥራለች።

አሁን ትናንት በሬዲዮ የተናገረው ወንዳወቅ ፊቷ ቆሟል። ቡሬ ላይ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ልጇን ክርስትና ያነሣ አበልጇ ነው።

«ይህችን ላሚኔት አድርጊልኝ» ብሎ የምስክር ወረቀት ዘረጋላት። «አዲስ ጋላክሲ በማግኘት» ይላል። የተጻፈበት ስም የእሱ ብቻ ነው።

ያኔ ከውጭ በኢንተርኔት ጋላክሲ ለሚፈልጉ ፈቃደኞች የሚላከውን የሰማይ ፎቶ የምታትምለት እሷ ነበረች፤ ቀለም እንዳይፈጅ ሰማዩን ነጭ፣ ከዋክብቱን ጥቁር አድርጋ። አንዱ ላይ እንደ ባቄላ ፍሬ ሞላላ፣ የደበዘዘች፣ ከማተሚያው የቀለም ዱቄት፣ ከቶነሩ፣ የረገፈች የምትመስል ነቁጥ ነበረች።

«በሬዲዮ መቼም ጥሩ አወሩ» አለችው። «ጋላክሲው ሞላላ ነው፣ ጠምዛዛ ክንድ የለውም፣ ከዋክብቱ ያረጁና የቀሉ ናቸው፣ አዲስ መውለድ ከተወ ቆይቷል አሉ። ገባኝ።»

«ዛሬ ደግሞ አንቱ አልሽኝ?»

«‹ፎቶኮፒ ቤት ያለችው ሴትዮ ቶነር ነው ብላ ቀድዳ ልትጥለው ስትል አስጣልኋት› ያሉትስ?»

ሳቀ። «ወሬው እንዲጥም ነዋ፣ አበልጄ! ስምሽን መች ጠራሁ?»

«እሱንማ አልጠሩም።»

ከቆርቆሮው ግድግዳ ወዲያ የጎረቤቷ የልብስ ሰፊው የሀምዱ ስፌት መኪና ቀጥ አለ።

«ንግሥቴ» አለ ድምፁ። «ያን ቀን ማተሚያሽ ሦስቴ ጮኸ። እሱ ‹ጥረጊው› ይላል፣ አንቺ ጠርገሽ ታትሚያለሽ። በሦስተኛው ‹ቶነር ቢሆን ቦታ ይቀያይር ነበር፤ ይኸው እዚያው ናት› አልሽ። ከዚያ ሁለታችሁም ጭጭ። እኔም ምን አገኙ ብዬ ጆሮዬን ስጥል መርፌ ሰበርሁ።»

ንግሥቴ በሆዷ ተመስገን አለች። የከዳት ጆሮዋ አልነበረም።

«ስሜ ይጻፍልኝ አላልሁም» አለች፣ ወረቀቱን ሳትነካ። «ቶነር ያለው ማን እንደሆነ ብቻ ይናገሩልኝ። በዚያው በሬዲዮ።»

«ተማሪዎቼ ይሰማሉ እኮ!»

«የክርስትና ልጅዎም ትናንት ሰምታለች።»

ወንዳወቅ ግድግዳውን አየ። የምስክር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ስልኩን አወጣ።

«እሺ፤ ለሬዲዮው እደውላለሁ።»

«አሁን?»

«አሁን» አለ። ከቆርቆሮው ወዲያ የሀምዱ መኪና ገና አልተነሣም፤ ጆሮውን እንደጣለ ነው።