አረንጓዴዋ መብራት

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚላተሙበትን የአሜሪካ እግር ኳስ የሚጫወተው ልጄ ዮፍታሔ ከግጥሚያ ሲመለስ ሄልሜቱን እስኪነጋ አያወልቅም። ሄልሜቱ ጉዳት ይኖር እንደሆነ ጭንቅላቱን ሲያዳምጥ ያድራል። ግንባሩ ላይ ያለችው መብራት ከቀላች ከሜዳ ይታገዳል። አረንጓዴ ከሆነች ግን ሐኪምም ሆነ እናት «ተጎድቷል» ብሎ ሊያስቀረው አይችልም።

እኔ ያቺ መብራት ስትቀላ አይቼ አላውቅም። ዛሬ እንኳ ሁለት ግዙፍ ተጫዋቾች በጭንቅላቱ መሬት ላይ ሲተክሉት ዓይኗን አላሸችም።

«መብራቷን የሠራት ግጥሚያውን የሚያካሂደው ሊግ ራሱ ነው። አባት ዳኛ፣ ልጅ ቀማኛ!» አልኩት ባለቤቴን ስንሻውን።

«አንቺ ደግሞ ሰው ማመን አልፈጠረብሽም። ማሽን ምን ብሎ ይዋሻል?» አለኝ።

እራት ቀረበ። ቋንጣ ፍርፍሩን በሄልሜቱ የብረት ፍርግርግ እንዲያልፍ አሳንሼ ጠቀለልኩና ዮፍታሔን አጎረስኩት። አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ደገምኩት። ከልጅነቱ ጀምሮ ሦስተኛውን ካላገኘ አይለቀኝምና እሱንም ሰጠሁት። አላምጦ ዋጠ።

ከዚያ ትክ ብሎ አየኝ።

«እማዬ፣ ተቀይመሽኛል እንዴ?»

«ምን አድርገህ ልጄ?»

«ዛሬ ሳታጎርሺኝ ቀረሽ።»

ስንሻው የቆረሰውን እንጀራ ቀስ ብሎ ወደ ትሪው መለሰው። እኔ ሌላ ጉርሻ ጠቀለልኩ። በፍርግርጉ መሐል ሳሾልክለት፣ መብራቷ ጣቶቼን አረንጓዴ አደረገቻቸው።