የግራዝማች አዝመራው የቁም ሙሾ

ግራዝማች አዝመራው ተዝካራቸውን በቁማቸው ሊያወጡ ቆረጡ። ልጆቻቸውን አያምኑም። «እኔ ከሞትኩ በሬውን ይካፈሉታል እንጂ አያርዱልኝም» አሉ።

ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። ግራዝማች ከእንጅባራ እስከ ዘንገና ሰፊ መሬት አላቸው። ክርክርም ይወዳሉ። በመሬት ክርክር አዲስ አበባ ሄደው ይከርማሉ። ያኔ አገሩ ትንሽ ይተነፍሳል።

ጠላው ተጠመቀ፣ በሬው ተመረጠ። አንድ ነገር ጎደለ። አልቃሿን የሻረግን አስጠሩ።

የሻረግ በአማርኛም በአገውኛም ታስለቅሳለች። የማያውቁትን ሟች የሥጋ ዘመድ ታስመስለዋለች። ጎጆዋ ያለችው ግን በግራዝማች መሬት ላይ ነው።

«ሰው ሁሉ የራሱን ሙሾ ሳይሰማ ይሞታል» አሉ ግራዝማች፣ የሚያማቸውን ወገብ በእጃቸው ደግፈው። «እኔ ሰምቼ እሞታለሁ። ሰው ካላለቀሰ ጎጆሽን ትነቅያለሽ።»

«ጌታዬ፣ እርስዎ በሕይወት እያሉ እንዴት ብዬ?»

«እንደሞትኩ ቁጠሪኝ።»

ይኸስ አይከብዳትም ነበር። የከበዳት ሌላ ነው። ብታወድሳቸው ሰው ይስቃል፤ ሰው ከሳቀ ጎጆዋ ሄደች። እውነቱን ብትናገርም ሄደች። አምና አዝማሪ እንየው በሰርግ ቤት ስለ ግራዝማች ጠላ መቅጠን አንድ ስንኝ አመለጠው። አሁን ጫግኒ ወርዶ ከወባ ጋር ይኖራል።

የሻረግ ግጥሟን ከባዶ አታነሣም። ከሟቹ አንዲት እውነት ትፈልጋለች። እንጅባራ ገበያ ወጣችና ጠየቀች።

«የግራዝማችን ደግነት የምታውቁ?»

«ውሻቸው አንድ ቀን ሳይነክሰኝ አልፏል» አለ አንዱ።

ስሜነሽ የምትባለው ድንች ሻጭ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ነበር። «እትዬ የሻረግ፣ በቅሎ ብትወልድ ይቀልሻል» አለቻት።

የሻረግ እንቅልፍ አጣች። ቃል አልመጣላት አለ። አፏን ስትከፍት የሚወጣው የእንየው ስንኝ ነው።

መጨረሻ ላይ አያ ክንዴ ዘንድ ሄደች። አያ ክንዴ የግራዝማች ፈረስ ጠባቂ ነበር፤ ፈረሱ አምና ስለሞተ አሁን በግ ይጠብቃል። በረቱ ደጃፍ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አያ ክንዴ፣ በዚህ ቤት አርጅተሃል። አልቅሱልኝ የሚያሰኝ ነገር አላየህም?»

ክንዴ አፍንጫውን በጋቢው ጠረገ።

«ኧረ አይቻለሁ» አለ።

ከብቱ እስኪገባ ድረስ ሲያወጋት ቆየ።

የተዝካሩ ቀን ግቢው ሞላ። ግራዝማች ካባ ደርበው ከፍ ብለው ተቀመጡ። ሎሌዎቹ ዱላ ይዘው የማያለቅስ እንዳለ ይቃኛሉ። መሪጌታ ውቤ ቅኔ አዋቂ ናቸው፤ በሙሾው ውስጥ የተሸሸገ ስድብ እንዲፈልጉ ታዘው ከየሻረግ ጎን ጆሯቸውን ቀስረዋል።

የሻረግ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሣች።

«ሰው ሁሉ ሲመለስ ወንዙ ሲሞላበት፣
ደረቱን ሰጠና እሱ ግን ገባበት።»

ገና ያለቀሰ የለም። ሎሌዎቹ ዱላቸውን አጠበቁ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «ወይኔ!» ብሎ ደረቱን መታ።

«ምጥ የያዛት እናት ሌሊት ስትጮህ አድራ፣
ዳንግላ አደረሳት ጀንበሯ ሳትበራ።»

ስሜነሽ ጮኻ መሬት ላይ ወደቀች። ግቢው በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናወጠ። ሎሌዎቹ የሚመቱት ሰው አጡ።

«መቼ ነበር?» አሉ ግራዝማች ወደ መሪጌታ ጎንበስ ብለው።

«ደግ ሰው ያደረገውን አያስታውስም» አሉ መሪጌታ።

ግራዝማች ራሳቸውን ነቀነቁ። ትዝ አላቸው።

«ክፉ ቃል ከአፉ ማን ሰማ ሲወጣ፣
ቢደክመው ቢጠማው አንድም ቀን ሳይቆጣ።»

እዚህ ላይ የሻረግ ሳቁን ፈርታ ዓይኗን ጨፈነች። የሳቀ የለም። የተሰደበውም የተገረፈውም አብሮ ያነባል።

«ያገሩን ሸክም ሁሉ እሱ ተሸከመ፣
ለማንም ሳይነግር ወገቡ ታመመ።»

«ወገቤን!» አሉ ግራዝማች። «ወገቤን ማን ነገራት?» እሳቸውም አለቀሱ። ይህን ያህል መልካም እንደነበሩ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገራቸውም።

ሲበቃ መሪጌታን ጠየቁ። «ያገኙት ነገር አለ?»

«የተሸሸገ ምንም የለበትም፣ ጌታዬ። ቃሉ ሁሉ እንደቆመ ነው። ስምዎን ብቻ አልጠራችም።»

«ምነው?» አሉ ወደ የሻረግ ዞረው።

«ትልቅ ሰው በስሙ ይጠራል እንዴ፣ ጌታዬ?» አለች።

ደስ አላቸው። በሰዉ ሁሉ ፊት «ጎጆዋን ማንም እንዳይነካ፤ ጓሮውም የሷ ነው» አሉ። ደግሞ ጠላው እንዲወፍር አዘዙ፤ ከእንግዲህ የሚጠበቅባቸው ነገር አለ።

ሲመሽ ሰዉ ተበተነ። ስሜነሽ ልጇን እንዳዘለች መንገድ መለያያው ላይ የሻረግን ጠብቃ እጇን ሳመች። ዓይኗ አብጧል።

«እግዜር ይስጥልን፣ እትዬ የሻረግ» አለች። «ለዚያ ፈረስ ሳናለቅስለት ቀርተን ነበር።»