ያልተመለሱ ጋኖች

«ማሽኑን አጥፊና እንደገና አብሪው» አለ ወንዳወቅ ለአራተኛ ጊዜ፣ ዓይኑን ከስልኩ ላይ ሳያነሳ። «ችግሩ መብራታችሁ ነው። የሰቆጣ መብራት ደግሞ መብራት ነው?»

ዓይናዲስ አላጠፋችውም። የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች የምትጠግን እሷ ናት። ይህ ሰውዬ ደግሞ የዓይን ካሜራውን ከኮምፒውተር የሚያገናኘውን ድራይቨር የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ትናንት ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ ይኸውና ከመጣ ጀምሮ ወንበሩ ሻከረኝ፣ ሻዩ ቀዘቀዘብኝ እንጂ ሌላ ሥራ አልሠራም።

እማማ ለተጊዮርጊስ አገጫቸውን ካሜራው ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ከደሃና ገጠር እስከ አምደወርቅ በእግራቸው፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የመጡት። አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረውንም ሞራ እየሸፈነው ነው። በኢንተርኔት የሚያያቸው ሐኪም የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ቀጣዩ ዙር ከስድስት ወር በኋላ ነው። አሁን አምስት ተኩል አልፏል፤ ካሜራው ግን ከጠዋት ጀምሮ አልነሳም ብሎ የግድግዳው ስክሪን ባዶ ነው።

«ማዘር፣ አትነቃነቂ አላልኩሽም?» አለ ወንዳወቅ።

አንቺ ማለቱ ዓይናዲስን እንደ ሬት መረራት። በእናቱ ዕድሜ ያሉትን ሴት! ንዴቷን ዋጥ አድርጋ የጻፈውን ኮድ ከፈተችና ታነበው ጀመር። ጥቂት እንደሄደች ሳቋ አመለጣት።

«ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ምስሉን የሚቀበለው ፕሮግራም ለድራይቨርህ ስምንት ባዶ ባፈር፣ ማለት የምስል ማስቀመጫ፣ ይሰጠዋል፣ ምስል እየሞላህ መልስልኝ ብሎ። አይደለም?»

«ኧረ አስተማሪ!»

«ካሜራው አልነሳም ሲልስ? ጠዋት እዚህ ብርድ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ የካሜራውን አምፖል ያሞቀዋል እንጂ አያስነሳውም። ያንተ ድራይቨር ‹አልተሳካም› ይልና ስምንቱንም ታቅፎ ቁጭ ይላል። ሁለተኛው ሙከራ በምን ይቅዳ? አጥፍተን ስናበራው ደግሞ አምፖሉ መልሶ ይቀዘቅዛል።»

«እኛ ጋ ስንሞክረው አንድም ቀን አልከሸፈም» አለ ወንዳወቅ ተኮፍሶ። «ደግሞስ ካልተነሳ ምኑን ነው የምመልሰው? ባዶ እኮ ነው!»

እማማ ለተጊዮርጊስ ከካሜራው ሳይነቃነቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይህ የምትሉት ነገር እንደ ጋን ያለ ነው?»

«አዎ እማማ፣ እንደ ጋን ይቁጠሩት።»

«ለተዝካር ከጎረቤት ጋን ተውሰን ድግሱ የቀረ እንደሆነ፣ ጋኑ ባዶውን፣ በዕለቱ፣ ለባለቤቱ ይመለሳል። አልጠመቅሁበትም ብሎ የሰው ጋን የሚያስቀር እኛ ዘንድ የለም። አሳዳጊ የበደለው ካልሆነ በቀር።»

ዓይናዲስ የወንዳወቅን መልስ አልጠበቀችም። ካሜራው ካልተነሳ ስምንቱም ባፈሮች ለፕሮግራሙ እንዲመለሱ አራት መስመር ጨመረች፤ ማሽኑን ሳታጠፋ ድራይቨሩን ብቻ አውጥታ መልሳ ጫነችው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ስምንቱም ተመለሱ። ሁለተኛውን ሞከረች።

አምፖሉ በራ። የግድግዳው ስክሪንም አብሮ በራ።

«ታየኝ!» አለ የሐኪሙ ድምፅ። «በደንብ ታየኝ። እናታችንን ጽፌያቸዋለሁ፣ ሰኞ ይምጡ።»

ዓይናዲስ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር የሞላው አንድ ዓይን ነው፤ ሞራው እንደ ጉም ያረፈበት፣ ዙሪያው እንባ ያቀረረበት። ከጠዋት ጀምሮ የእማማን ፊት አንዴም ያላየው ወንዳወቅ ቀና አለ፤ ግድግዳውን የሚያህለው ዓይን ትክ ብሎ አየው።

«እማማ…» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን እያየ። «እባክዎን አይነቃነቁ።»