ሐዘን የወጣለት ባል

ሐኪሞች ሐዘንን ከሰው ልብ ማውጣት ችለዋል፤ ግን የሚወጣው ከነሟቹ ትዝታ ነው። ይመር ልጃቸው ሀያት ከሞተች ወዲህ እህል አልቀምስ ብሎ ሊያልቅ ሲል፣ ሚስቱ ዘይነብ ፈርማ አሳከመችው።

ቅዳሜ ረፋድ ሰፈራቸው ካለው ካፌ ይዛው ሄደች። ማር የፈሰሰበትን ጨጨብሳ ጥርግ አድርጎ ሲበላ አይታ «ተመስገን» አለች። እሱ ግን ዓይኑ ጎናቸው ካለው ጠረጴዛ አባቷ በሚያጎርሳት ሕፃን ላይ ፈዞ ቀረ።

«ዘይኑዬ፣ እኛስ ለምን ልጅ ሳንወልድ ቀረን?»

የሀያት ስም አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«አላህ አልፈቀደልንማ» አለችው፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

ይመር በመሐረቡ ጉንጯን እየጠረገ፣ «አይዞሽ» አላት፤ «ያልነበረ እኮ አይናፍቅም።»