የእማማ ሄርሜሊንዳ መውረጃ

እኛ ተራራ ላይ፣ ፒክአፕ ኋላ ቆሞ የሚሄድ ሰው መውረጃው ሲደርስ የጋቢናውን ጣራ ይመታል፤ ከዚያ ወርዶ በሾፌሩ መስኮት ይከፍላል። እማማ ሄርሜሊንዳ በዱላቸው ሦስቴ ነበር የሚመቱት።

ባለፈው ክረምት ያለቀ ጎማዬን በጋለ ቢላ አስፈልፍዬ፣ አዲስ ጥርስ ያለው አስመስዬ በዚያው ጫንኳቸው። ገደሉ መታጠፊያ ላይ መኪናው ተንሸራተተ፤ እሳቸው ወድቀው ሞቱ። ለልጆቻቸው «ዝናቡ ነው» አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ኮባን ከተማ ወረድኩ። ጎማ ሻጩ ኒካኖር «እትዬ ኦቪዲያ፣ እንደ ልማድሽ የተፈለፈለ ላምጣልሽ?» አለኝ።

«አዲስ። አራቱንም፣ ጭቃ የሚይዘውን።»

«ምነው፣ መነኮስሽ እንዴ?»

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። የጎማዎቹን ጥርስ በጣቴ እየለካሁ ጥልቁን መረጥኩ።

አዲሶቹን አስገጥሜ፣ ሰው ሳልጭን ስመለስ፣ መታጠፊያው ጋ ጣራው ሦስቴ ተመታ። ልማድ ነውና አቆምኩ። ዞሬ በኋላው መስታወት አየሁ፤ ማንም የለም።

«ዝናቡ ነበር» አልኩ።

እንደገና ሦስቴ ተመታ።

«እሺ፣ ጎማው ነው። እያወቅኩ ነው የጫንኩዎት።»

መኪናው፣ ሰው ሲወርድ እንደሚያደርገው፣ ከኋላው ከፍ አለ። ከዚያ ዱላቸው ጠጠሩን እየመታ፣ ሊከፍሉኝ ወደ መስኮቴ መጡ።